ቀዳዳው ትንሽ ነበር

ነኢማ ሐሙስ ዕለት ደወለችልኝ። ኢተያ ነው የማስተምረው፣ እንግሊዝኛ፤ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነበር።

«መክሊት፣ ፈረንጁ መጣ» አለችኝ።

«የቱ ፈረንጅ?» አልኳት። የቱ እንደሆነ ግን ልቤ ቀድሞኝ አውቆታል።

«አባቴን የገደለው ነዋ! አርጅቷል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ሳልሞት ጉማ ልቀመጥ ብሎ ከአገሩ ድረስ መጣ። ቅዳሜ ወንዙ ዳር ሽማግሌ ይቀመጣል። አስተርጓሚ ከአዲስ አበባ እናምጣ ሲሉ እኔ በፍጹም አልኩ። የቤት ልጅ እያለች? የምታስተረጉሚው አንቺ ነሽ። አባትሽ ጋሽ ሣህሌም ይምጡ፣ ያኔ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ከኛ ጋር ይቀመጣሉ።»

ጉማ የደም እርቅ ነው። እኛ አገር፣ አርሲ፣ ሰው የሰው ነፍስ ካጠፋ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ የገዳይ ወገን ከወንዝ ወዲያ፣ የሟች ወገን ከወንዝ ወዲህ ይቀመጣል። ገዳዩ በገዛ አፉ «እኔ ነኝ» ማለት አለበት። ካሳውም እርቁም ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ዕቃ ውሃ አይጠጡም። እኔና ነኢማ ሃያ ሦስት ዓመት ከአንድ ዕቃ ስንጠጣ ኖረናል።

እሺ አልኳት። ምን ልበላት? ስልኩን ዘግቼ ወደ ወረቀቱ ስመለስ የአንዱን ምስኪን ልጅ ትክክለኛ መልስ ሁሉ በቀይ ስሰርዝ ራሴን አገኘሁት።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን ከአሰላ ወደ ላይ፣ ጋለማ ተራራ ስር፣ የገብሱ ማሳ አልቆ የአስታው ጫካ ከሚጀምርበት ነበር። አባቴ ሣህሌ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነው፤ የመንግሥት ካኪ፣ የመንግሥት ጠመንጃ፣ የመንግሥት አምስት ጥይት ነበረው። አምስቱን ጥይት እሁድ እሁድ ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ይሰጠኛል፣ እኔ በጨርቅ እወለውላለሁ። አንዷ ብትጎድል ለምን እንደጎደለች ለአለቆቹ ይጽፋል። አገሩ ሁሉ «ሣህሌ አይስትም» ይል ነበር። እኔማ ተዉኝ! ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ከሚለው በፊት የማውቀው አባቴ እንደማይስት ነው።

ወንድ ልጅ ስላልነበረው ይሁን እኔን ስለወደደ እንጃ፣ አደን ያስተማረው እኔን ነው። ጠመንጃ አስይዞኝ አያውቅም። የሚያስተምረኝ በከሰል ነው። ግድግዳችን ላይ ያንን ቀንዱ የተጠማዘዘ ወንድ የደጋ አጋዘን በቁሙ ይስልና ከሰሉን ያቀብለኛል።

«የት ነው?»

ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ሲሶ ያህል ከፍ አድርጌ ነጥብ አኖራለሁ።

«ፊቱን ወዳንቺ ቢያዞርስ?»

«አልተኩስም። ጎኑን እስኪሰጠኝ እጠብቃለሁ።»

«እየራቀ በአግድም ቢቆምስ?»

«ማዶ ያለውን የፊት እግሩን አስቤ ወደሱ አነጣጥራለሁ።»

«ቁጥቋጦ ውስጥ ሲነቃነቅ ብታዪስ?»

«ሙሉውን ሳላይ ቃታ አልነካም!»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ግንባሬን ይስመኛል። ደሙንም አስተምሮኛል፦ ደማቅ ቀይ ሆኖ አረፋ ካለው የሳንባ ነው፣ እንስሳው ሩቅ አይሄድም፤ ከጠቆረ የጉበት ነው፣ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ፤ ሣር ሣር ከሸተተ የሆድ ነው፣ ወዮልሽ፣ ቀኑን ሙሉ ትከተይዋለሽ። ቀዳዳውንም አስተምሮኛል። «ቆዳ ይሰበሰባል። ጥይት የገባበት ቀዳዳ ሁልጊዜ ከጥይቱ ያንሳል፤ እንዳትታለዪ» ይለኝ ነበር። እኔ ይሄን ሁሉ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸምድጄዋለሁ። የነፍስ ማጥፊያ ትምህርት መሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም።

የአባቴ የልብ ወዳጅ ሙህዲን ነበር፣ የነኢማ አባት፣ አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን። ፈረንጅ አዳኞችን ለሚያመጣ ድርጅት ዱካ እየፈለገ ይመራል። ድንጋይ ላይ የሄደ አጋዘን እንኳ አያመልጠውም ነበር። ክረምት ከበጋ የማያወልቃት ቡላ ካፖርት ነበረችው፤ አስታው ውስጥ ቁጢጥ ሲል ሰው መሆኑ አይለይም። እኔና ነኢማ ድብብቆሽ ስንጫወት እሱ ከተደበቀ ተስፋ ቆርጠን ወደ ቤት እንገባለን፤ ከኋላችን እየሳቀ ይመጣል።

ያን ዓመት በጥቅምት አንድ ፈረንጅ መጣ። ረጅም፣ ቀይ፣ ነገር የማያውቅ ዓይነት ፊት ያለው። የያዘው ጠመንጃ ግን አገሩን ሁሉ አሳቀ። ቅድመ አያቶቻችን የተዉት ነፍጥ ነው! ባሩዱ በአፈሙዙ ይንቆረቆራል፣ አረሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ አንድ ጊዜ ከተኮሰ እንደገና እስኪያጎርስ ሰው ጫማውን አውልቆ ያጠልቃል። እናቴ ወለላ ከንፈሯን መጠጠች። «ምስኪን፣ ደህና ጠመንጃ መግዣ አጥቶ ነው?»

የድርጅቱ አስተርጓሚ፣ ናቲ የሚሉት የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰውየው እንስሳውን ተጠግቶ፣ በአንዲት ተኩስ ብቻ መግደል ፈልጎ ነው ብሎ አስረዳን። ነፍጦቹ ሁለት ነበሩ። በአፈሙዛቸው ስፋት አንዱን ሃምሳው፣ ሌላውን ሃምሳ አራቱ ይሏቸዋል። የሃምሳ አራቱ አረር ረዘም ያለ፣ እጅ ላይ የሚከብድ ነው። የሃምሳው ከባቄላ እምብዛም የማትበልጥ ድብልብል እርሳስ ናት። ፈረንጁ ስለት ነበረበት መሰለኝ፣ እንዲሁ ጠርቶ አንዷን ድብልብል መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ሮጬ ሚስማር አመጣሁና «መ» ብዬ ስሜን ጻፍኩባት። የ«መ» አንድ ዓይኗ ተጣሞብኝ ነበር። ነኢማ እንድትነካት በቀን አንድ ጊዜ እፈቅድላታለሁ።

ከአደኑ አንድ ቀን በፊት ቤታችን ምሳ በሉ። አባቴና ጋሽ ሙህዲን ከሥጋ በቀር ሁሉን አብረው ይበላሉ፤ ያን ቀን ጭኮ ነበር፣ ቅቤ የጠጣ። ናቲ ገባና ቆሞ ጠየቀ። «ሃምሳ አራቱ ሲተኮስ ሰደፉ ትከሻውን አሳብጦታል። ነገ ሃምሳውን ልያዝ ወይ ይላል። ሣህሌ ምን ይመክራል? ነው የሚለው።»

አባቴ እጁን እስኪጠርግ ጊዜ ወሰደ። ፈረንጅ የሱን ምክር መጠየቁ ምን ያህል እንዳስደሰተው ከጆሮው ቅላት አየሁ።

«ይበቃዋል» አለ። «የሚገድለው ቦታው ነው። ቦታውን ያገኘች ባቄላ ዝሆን ትጥላለች።»

«ወላሂ አትጥልም» አለ ጋሽ ሙህዲን። «ይሄ እንስሳ ከበሬ አያንስም፣ ሣህሌ። ያቺ ድብልብል ሳንባው ላይ ካረፈች እሺ። ጣት ያህል ወደ ፊት ከሄደች ግን የትከሻው አጥንት ይዟት ይቀራል።»

«ለምን ወደ ፊት ትሄዳለች?»

«እጅ ነዋ! የሰው እጅ ይስታል። ሰው ሲስት የሚያድነው የአረሩ ክብደት ነው፤ ትልቁ አጥንቱን ሰብሮ ያልፋል። ትንሹ አቁስሎ ይለቅብናል። ከዚያ ጉም ውስጥ የቆሰለ ወንድ ተከትሎ የሚገባው ማነው? ፈረንጁ ነው? እኔ ነኝ የምገባው።»

«እኔስ የት ሄጄ?» አለ አባቴ እየሳቀ። «ከኋላህ አለሁ አይደል? ስቼ አውቃለሁ?»

እኔም ከጥጌ «አባዬ አይስትም!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ሙህዲን ዞሮ አየኝና ከጭኮው ቆንጥሮ አጎረሰኝ። «አንቺን ከያዘ ማን ይችለዋል» አለ። ሃምሳው ተወሰነ። ለኔ አባቴ የረታበት ጨዋታ ነበርና ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሰው እንዴት እንደሚሞት እየተነጋገሩ እንደነበር የገባው ከጋሽ ሙህዲን በቀር ማንም አልነበረም።

ማግስቱ ቅዳሜ ነው። ጉሙ እስከ አጥራችን ወርዷል። እኔና ነኢማ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጠን ጆሯችንን ቀስረናል። መጀመሪያ ዱም! የነፍጡ ነው፤ በርሜል ውስጥ የፈነዳ ይመስላል። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ነኢማ ሰለቻት፣ እንጫወት አለች። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ የመጡት። ዱም! ጧ! በመካከላቸው ትንፋሽ የሚሳብበት ጊዜ እንኳ አልነበረም። ሁለተኛው የአባቴ ነው፣ ድምፁን ከመቶ መሐል እለየዋለሁ።

«አባዬ ጨረሰው!» ብዬ ከአጥሩ ዘለልኩ። «የኔ አባት አይስትም! የኔ አባት አይስትም!»

ነኢማም ዘለለች። እጄን ይዛ አብራኝ ዘለለች፣ አብራኝ ጮኸች። ይሄን ሳስታውስ እስከ ዛሬ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

ቀትር ላይ አባቴ ከጉሙ ውስጥ የጋሽ ሙህዲንን ፈረስ እየሳበ ወጣ። ፈረሱ ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ተጭኗል። እኔ ወደ ፈረሱ አላየሁም። ያየሁት የአባቴን ደረት ነው፤ ካኪው ከአንገቱ እስከ ወገቡ በደም ርሷል። ደማቅ ቀይ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ አረፋው የደረቀ።

«የሳንባ ነው!» አልኩት፣ ትምህርቴን እንደማውቅ እንዲያይልኝ። «አባዬ፣ ሳንባው ላይ ነው አይደል ያገኘኸው?»

አባቴ አየኝ። ልጓሙን ለቀቀ፣ አጥሩን ተደግፎ አስመለሰው። ደክሞት ነው ብዬ ውሃ ላመጣለት ሮጥኩ። ጣሳውን ይዤ ስመለስ የነኢማ እናት ጩኸት ሰፈሩን ሞልቶታል።

ለለቀስተኛው ሁሉ አባቴ አንድ ዓይነት አድርጎ ተናገረ። የፈረንጁ የመጀመሪያ አረር ወደ ፊት ሄዳ የትከሻ አጥንት ላይ ቀረች፤ ልክ ሙህዲን እንዳለው። አጋዘኑ ቆስሎ አስታው ውስጥ ገባ። ሙህዲን ዱካውን ይዞ ቀደመ፣ ጉሙ ዘጋው። ፈረንጁ እንደገና አጉርሶ ነበር፤ ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ አጋዘኑ መስሎት ተኮሰ። «ስደርስ ወንድሜ ወድቋል። እርዳታ ለመጥራት አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ተኮስኩ» አለ። እሁድ ጥይቶቹን ስወለውል አራት ነበሩ፤ አምስተኛዋ ሰማይ እንደሄደች ስለነገረኝ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁ።

ፈረንጁ ራሱ አንድም ነገር አልካደም። ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ ተኩሷል፣ ሰው ወድቋል፤ ሌላ ምን ይበል? ከለቅሶው ድንኳን ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ይንሰቀሰቃል። ናቅኩት። የገደለ ሰው ነው የሚያለቅሰው፤ አባቴን እዩት፣ አንዲት ዘለላ እንባ የለውም፣ ምክንያቱም አልገደለም አልኩ በሆዴ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፍርድ ይሄ ነው።

ፖሊስ መጥቶ ጻፈ፤ አደጋ ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ ግን የሚበቃቸው ወረቀት አይደለም። ማን እንደገደለ ከታወቀ ነው ማን ከወንዙ ወዲያ እንደሚቀመጥ የሚታወቀው። በሦስተኛው ቀን ሊሰበሰቡ ተቀጣጠሩ። ጠዋት አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«መክሊቴ፣ ያቺን ድብልብል ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ፈረንጁ ፈልጓታል። ወደ አገሩ ሊሄድ ነው፤ መልሺልኝ አለ።»

የሰጠሁሽን መልሺልኝ የሚል ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም! እያለቀስኩ ሰጠሁት። ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ መዶሻ ሲመታ ሰማሁ፤ ሦስቴ፣ አራቴ። የላላውን የበር ማጠፊያ እያስተካከለ መሰለኝ። እናቴ በጓሮው መስኮት በኩል ቆማ ታያለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እስክትሞትም አልተነፈሰችም። የበሩ ማጠፊያ ደግሞ እንደላላ ነበር፤ ይሄንን እንኳ ለማስተዋል ስምንት ዓመት ፈጀብኝ።

ሽማግሌዎቹ የጋሽ ሙህዲን ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። እኔና ነኢማ ከሴቶቹ መሐል ነን። የጋሽ ሙህዲን ታናሽ ወንድም አክመል ተነሳ። ሬሳውን ያጠበው እሱ ነው። ትንሿን ጣቱን ቀና አድርጎ ለሁሉም አሳየ።

«ወንድሜን ያጠብኩት በዚህ እጄ ነው» አለ። «የፈረንጁን ነፍጥ አፍ አይቼዋለሁ፤ ይቺ ጣቴ ትገባበታለች። የወንድሜ ቀዳዳ ትንሽ ነው። ይቺ ጣቴ አልገባችበትም። እኔ ማንንም አልወነጀልኩም። ቀዳዳው ትንሽ ነው ነው የምለው።»

ሁሉም ወደ አባቴ እንዳይዞሩ ሲጠነቀቁ ይታያሉ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ ግን መልሱን አውቀው ነበር! አስተማሪ የጠየቀውን ብቻዋን የምታውቅ ተማሪ አይታችኋል? እንደዚያ ነው የተቁነጠነጥኩት።

«ቆዳ ይሰበሰባል!» ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ አፌን ሊይዙኝ ሲሞክሩ አመለጥኳቸው። «ቆዳ ይሰበሰባል፣ የገባበት ቀዳዳ ሁልጊዜ ከጥይቱ ያንሳል። እንዳትታለሉ!»

አንዱ ሽማግሌ በዚያ ሐዘን መሐል ፈገግ አለ። «የሣህሌ ልጅ» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ፣ ልጅ አይዋሽም ብሎ። አክመል ግን አጠገቤ መጥቶ በርከክ አለና ዓይኔን ትኩር ብሎ አየኝ።

«ዱጋ፣ ኢንታላ? እውነት ነው፣ ልጄ?»

«እውነት ነው። አባዬ ነው ያስተማረኝ።»

አባቴ ያን ጊዜ ከደረት ኪሱ ጨርቅ አወጣና ፈታው። የተደፈጠጠች እርሳስ ሽማግሌዎቹ ፊት አኖረ። «ከተኛበት ስር፣ ከአፈሩ ውስጥ ያወጣኋት ነች» አለ። አክመል አንስቶ አገላበጣት፣ መዘናት፤ ትልቅ ናት፣ የአባቴ ጠመንጃ ጥይት አለመሆኗ ያስታውቃል። ለነኢማ እናት ሰጣት። ትልልቆቹ ዙሪያዋን ስለከበቧት እኔ ከሩቅ ነው ያየሁት። የኔዋ እንዲህ ጠፍጣፋ ስላልነበረች አልጠረጠርኩም። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እጄን እስኪያመኝ ጨብጦ ያዘኝ፤ ኮርቶብኝ ነው ብዬ ስቄ ነበር።

በበነጋው ድርጅቱ ፈረንጁን በመኪና አሳፍሮ ወሰደው። ወንዙ ማዶ ሳይቀመጥ፣ «እኔ ነኝ» ሳይል ሄደ። የነኢማ ቤት ደም እንደተንጠለጠለ ቀረ።

አባቴ ጠመንጃውን መለሰና አሰላ ወርዶ የእህል መጋዘን በር ጠባቂ ሆነ፤ በዱላ። ከመውረዳችን በፊት ግድግዳው ላይ ያሉትን አጋዘኖች ሁሉ በጭቃ ለቀለቃቸው። በየዓመቱ አጨዳ ሲደርስ አንድ ኩንታል ስንዴ አሸክሞ ወደ ነኢማ እናት ይወጣል። «እንደ ሣህሌ ያለ ወዳጅ የት ይገኛል!» ይባልለታል። ነኢማ አሰላ ስትማር እኛ ቤት ነው ያደረችው፣ ከኔ ጋር በአንድ አልጋ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኛ ቤቱ እያደር ነው የከበደው።

አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የአባቴን ካፖርት አጥቤ ሳሰጣ እንዲሁ መጣልኝ። መዶሻው። አራቱ ጥይት። አንድ ላይ የተከተሉት ሁለት ተኩሶች፤ ወድቆ አግኝቶት ለጥሪ ነው የተኮሰው እንዳልል፣ ፈረንጁ ተኩሶ አባቴ እስኪደርስ ትንፋሽ የሚሳብበት ጊዜ እንኳ አልነበረም። ጋሽ ሙህዲንን የመታችው ጥይት የማን እንደነበረች አላወቅኩም ነበር ብል ውሸቴን ነው። አወቅኩ። አውቄ ካፖርቱን አሰጣሁ። አባቴ ነዋ! ምን ላድርግ? እያልኩ አስራ አምስት ዓመት ኖርኩ። የማላውቅ ልጅ ሆኜ የዋሸሁት አያስቆጨኝም፤ ይሄኛው ነው ሥጋዬን የሚበላኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ነኢማ አሰላ መጥታ አባቴንና እኔን ይዛ በሚኒባስ ወጣች። አንድ ጠርሙስ ውሃ ገዝታ ነበር፤ እሷ ትጠጣና ለኔ ታቀብላለች፣ እኔ እጠጣና እመልስላታለሁ። አባቴ ነጭ ጋቢ ለብሶ በመስኮት ያያል። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገረኝ፤ «የሚለውን ብቻ ተርጉሚ።»

ወንዟ ከጉልበት አትደርስም። ከወዲያ ማዶ ፈረንጁ ብቻውን የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ። ወገን የለውም፤ ሾፌሩ እንኳ እኔ አልገደልኩ ብሎ ራቅ ብሎ ቆሟል። ከወዲህ የነኢማ ዘመዶች፣ አክመል፣ ልጆቻቸው፣ በመሐላቸው ምንጣፍ ላይ አባቴ። ለክብሩ ትራስ ጨምረውለታል። እኔን ወንዙ መሐል ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ አቆሙኝ፣ ለሁለቱም እንዲሰማ።

ሽማግሌው ጠየቁ። «ሙህዲንን የገደለው ማነው?»

ተረጎምኩለት። ፈረንጁ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሳ። ቃሎቹን ቆጥቦ ሲናገር እንዳጠናቸው ያስታውቃል። እኔ ነኝ አለ። ያን ቀን ትከሻዬ አመመኝ ብዬ ትልቁን ነፍጥ ትቼ ትንሹን ያዝኩ፤ ትልቁን ብይዝ አጋዘኑ እዚያው ይወድቅ ነበር፣ ሙህዲንም ልጁን ይድር ነበር። ሙሉውን ሳላይ ተኮስኩ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ አልነካሁም። ይቅርታ የሚገባኝ አይመስለኝም፤ እኔ ነኝ ለማለት ብቻ መጣሁ።

ሁሉም እኔን ያያሉ። አፌን ከፈትኩ። «እኔ...» አልኩና ቀረሁ።

ለቅሶ የዘጋኝ መስሏቸው ጠበቁኝ። ነኢማ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ገባችና አጠገቤ መጣች። ከመቀነቷ ጨርቅ ፈታች። «እናቴ ስትሞት ለኔ የተወችው ይሄንን ነው» አለች። «አሳዪው። የሱ መሆኗን በዓይኑ አይቶ ይናገር።» አረሯን መዳፌ ላይ አኖረቻት፤ ልክ ያ ሰውዬ ያኔ እንዳኖረልኝ።

በአንድ ጎኗ ድፍጥጥ ብላለች። ገለበጥኳት። «መ» አለች። አንድ ዓይኗ ተጣሟል።

የነኢማ ጣት እዚያው ፊደሉ ላይ መጣ። «ይሄን ጭረት ሁልጊዜ አየዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ፈረንጅ የኛን ፊደል ይጽፋል?»

ቀና ብዬ አየኋት። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት አብራኝ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ያንን ዱም፣ ጧ የሰማች ልጅ ነች። ለምን እኔን አስተርጉሚ እንዳለችኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። «ይቺ አረር ተተኩሳ አታውቅም» አልኩ። «የኔ መጫወቻ ነበረች። ስሜ አለባት። አባቴ ከኔ ወስዶ በመዶሻ ነው የደፈጠጣት። ጋሽ ሙህዲንን የገደለው ይሄ ሰውዬ አይደለም።»

ሽማግሌው «ሣህሌ?» አሉ።

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። አላየኝም። «ልጅ ነበረች» አለ። «ምን ታውቃለች? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

አክመል ተነሳ። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ትንሿን ጣቱን አላወጣም፤ እጆቹ ጎኖቹ ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ያኔም ልጅ ነበረች፣ ሣህሌ» አለ። «ያኔ ግን ያቦካችውን አንተ ጋገርከው፣ እኛም ሃያ ሦስት ዓመት በላነው። ቀዳዳው ትንሽ ነው ብዬ ነበር። በዚህ እጄ አጥቤው፣ ትንሽ ነው ብዬ ነበር።» ከዚያ ወደ ማዶ ጠቆመ። «ተነስ። ተሻገር።»

አባቴ አልተነሳም።

እኔ የማን ወገን ነኝ? ጫማዬን አወለቅኩና ከድንጋዩ ወርጄ ተሻገርኩ። ውሃው ይቆረጥማል። ፈረንጁ ምን እንደተባለ ጠየቀኝ፤ አልገደልክም አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና «ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው የኖርኩት?» አለኝ።

አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና ወደ ማዶ አየሁ። ዘመዶቹ ከምንጣፉ አንድ በአንድ ተነስተው አባቴን ከነትራሱ ብቻውን ትተውታል። አሁንም ጉልበቱን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ነኢማ ወንዙ ዳር ቆማ ነበር። ከቦርሳዋ የጠዋቱን ጠርሙስ አወጣች፤ ከግማሽ በላይ ውሃ ነበረው። ክዳኑን ከፈተች፣ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ እያየችኝ እስከ መጨረሻው ጠብታ ሣሩ ላይ ደፋችው።